ሰሌዳው የቀበራቸው ጎረቤታችን

የሰፈራችን እድር ዘመናዊ ለመሆን መወሰኑን የሰማሁት ከእናቴ ነው። ዘመናዊነቱን ሠርቼ የማስረክበው እኔ መሆኔንም በዚያው ነገረችኝ። ስብሰባው ላይ አልነበርኩም። እናቴ ግን ነበረች፤ ብድግ ብላ "የኔ ልጅ ሥራው ኤሌክትሮኒክስ ነው" ብላለች፤ ሕዝቡም አጨብጭቧል። ልጁ ይስማማ እንደሆነ የጠየቀ ሰው የለም። እኛ ሰፈር የተማረ ልጅ እንደ እድሩ ድንኳንና እንደ እድሩ ብረት ድስት የጋራ ንብረት ነው፤ ሲፈለግ ይወጣል፣ ሲያልቅ ታጥቦ ይመለሳል።

ሰፈራችን የካ ውስጥ፣ እንጦጦ ሥር ነው። ከባሕር ዛፉ ወርዳችሁ መጀመሪያ የምታገኟቸው የቆርቆሮ ጣሪያዎች የኛ ናቸው። ከጎረቤቶቻችን ብዙዎቹ ዕጣ ወጥቶላቸው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ገብተዋል፤ እድራቸውን ግን አልለቀቁም። ለሠርግ የማይመጡት ሁሉ ለቀብር ታክሲ ቀያይረው ይመጣሉ፤ ከቀብር በኋላ ስም ስለሚጠራና ደጋግሞ የቀረ ስለሚሰረዝ ነው። ድሮ ሞትን የሚያሳውቅ ጥሩምባ ነፊ ነበረን። እሳቸው ዳገቱ ሲከብዳቸው ሥራውን ተዉት፤ ኮሚቴውም በምትካቸው ሌላ ነፊ ከመፈለግ ይልቅ፣ ሆቴሎች በር ላይ እንዳለው፣ ቀይ ፊደል የሚሮጥበት የመብራት ሰሌዳ በእድሩ አጥር ላይ እንዲሰቀል ወሰነ። ሰብሳቢው ከስልካቸው መልእክት ይልካሉ፣ ሰሌዳው ያነባል፣ ሕዝቡ ያለቅሳል። ዕቅዱ ይኸው ነበር።

እኔ የምሠራው መገናኛ አካባቢ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ነው፤ ለውሃ ፓምፕና ለጄኔሬተር መቆጣጠሪያ እንሠራለን። የምንጠቀምባት ማይክሮኮንትሮለር ጥፍር የምታህል ቺፕ ናት። ሰው "ኮምፒውተር" ሲባል ሁሉን የሚያውቅ ነገር ይመስለዋል፤ የኔዋ ግን የሰብሳቢው ስልክ ውስጥ ካሉት ፎቶዎች አንዷን እንኳ መያዝ አትችልም። መልእክቱ በቅንፍ ታጥሮ፣ ይሄ ስም ነው፣ ይሄ ጉዳይ ነው ተብሎ፣ እያንዳንዱ በትእምርተ ጥቅስ ተከብቦ ይደርሳታል። የሷ ሥራ ቅንፉን መፍታት፣ ስሙን በስም ሳጥን፣ ጉዳዩን በጉዳይ ሳጥን መገልበጥ፣ ከዚያ ማስሮጥ ነው።

ሲያወሩት ቀላል ነው። ነገሩን የፈለሰፉት ፈረንጆች አንድን ፊደላቸውን በአንድ ቦታ አስቀምጠው ይተኛሉ። የኛ ፊደል አንዱ ብቻውን ሦስት ቦታ ይይዛል፤ ታክሲ ውስጥ እግሩን አንፈራጦ እንደሚቀመጥ ወፍራም ሰው። "ቀብር" ብላችሁ ብትጽፉ ሦስት ፊደል ጻፍን ትላላችሁ፤ ቺፗ ዘጠኝ ቦታ አስለቅቃለች። ይህም ሳያንስ፣ ቺፗ ጽሑፍ የት እንደሚያልቅ አታውቅም። መጨረሻው ላይ አንዲት ዜሮ ካላስቀመጡላት ያገኘችውን ሁሉ እያነበበች ትቀጥላለች። የእድራችንን ሰብሳቢ ንግግር ሰምቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ስለዚህ አዲስ መልእክት በመጣ ቁጥር ሳጥኖቹን ከዳር እስከ ዳር በዜሮ እጠርጋለሁ፤ አስተማሪ አዲስ ነገር ከመጻፉ በፊት ጥቁር ሰሌዳውን እንደሚያጠፋው ማለት ነው። በምጠርግበት ጊዜ ሰሌዳው ለጥቂት ሰከንድ ይጨልማል። ፍጹም ጤናማ ነገር ነው።

ለሰብሳቢው ግን ጤናማ አልነበረም። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ የቢሮ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የደብዳቤ መግቢያ ሲጽፉ ኖረው ፍሬ ነገሩ ላይ ሳይደርሱ ጡረታቸው የደረሰ ይመስለኛል። በሙከራው ቀን ኮሚቴውን ከኋላቸው አሰልፈው የመጀመሪያውን መልእክት ላኩ። ሮጠ። ተጨበጨበ። ሁለተኛውን ላኩ። ሰሌዳው ጨለመ።

"ይሄ ምንድን ነው? ለምን ጠፋ?" አሉኝ።

"አሮጌውን እየጠረገ ነው። አሁን ይመጣል።"

"በአባላት መዋጮ የተገዛ ሰሌዳ አይጠፋም። ልክ በዚያች ሰከንድ አንድ ሰው ቢያልፍ ምን እንደሚል ታውቃለህ? 'ተበላሸ፣ ኮሚቴው በላው' ነው የሚለው። ጠላታችን ብዙ ነው።"

"ካልተጠረገ ግን አሮጌው ከሥር—"

"አንተ ኢንጂነር ነህ ወይስ ሰሌዳ ጠራጊ?"

ኮሚቴው ሳቀ። እናቴም ሳቀች፤ ይህን እስካሁን ይዤባታለሁ። ኢንጂነር መሆኔን ለማስመስከር ጥረጋዋን ከኮዱ አወጣኋት፤ መጨረሻ ላይ የምትቀመጠዋ ዜሮም የጥረጋው አካል ስለነበረች አብራ ወጣች። ሰሌዳው ከዚያ ወዲህ ለቅጽበት እንኳ አልጨለመም። ሰብሳቢው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ለብዙ ወራት ምንም አልተፈጠረም። አዲሱ ጽሑፍ ከአሮጌው እስከረዘመ ድረስ አሮጌውን ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል፤ የሰብሳቢው ጽሑፍ ደግሞ ከሟች ወደ ሟች ይረዝማል እንጂ አያጥርም። መጀመሪያ ቀብር ብቻ ነበር፤ ቀጥሎ ማሳሰቢያ ተጨመረበት፣ ከማሳሰቢያው ኋላ መጽናናት ተመኙ፣ ከመጽናናቱ ኋላ ኮሚቴው ራሱን አመሰገነ። እሳቸው አጭር ነገር የሚጽፉበት ቀን ይመጣል ብሎ ማን ይገምታል?

አሁን ስለ ጎረቤታችን ልናገር። ግድግዳ የምንጋራቸው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ጋሼ የምላቸው ሰው ናቸው። ልጅ የላቸውም። ረጅም ዘመን የእድሩ ድንኳን ኃላፊ ነበሩ፤ ሰፈሩ ውስጥ እሳቸው ያልተከሉለት ሐዘን የለም። ሚስታቸው የሞቱ ቀን ግን ድንኳኑን ሌላ ሰው ተከለ፣ እሳቸውም ለመጀመሪያ ጊዜ ከሥሩ ተቀመጡ። ከዚያ ቀብር በኋላ የደብሩን የመቃብር በር አላለፉም። ለቅሶ ቤት ይደርሳሉ፣ አስከሬኑን እስከ አስፋልቱ ይሸኛሉ፣ በሩ ሲታይ ይመለሳሉ። ስም የሚጠራው ከበሩ ወዲያ ነው።

አንድ ማለዳ ከእንጦጦ የእግር ጉዟቸው ሲመለሱ በራችን ላይ አገኙኝ።

"ሊሰርዙኝ ነው አሉ። እውነት ነው?"

"እንዲህ አይነት ወሬ ሰምቻለሁ፣ ጋሼ።"

"እሷን የቀበረልኝ እድሩ ነው። እኔ ዘመድ አዝማድ የለኝም፣ አንተም ታውቃለህ። ከእድር የወጣ ሰው ቢሞት ማን ያነሳዋል?" ወደ እንጦጦ ዞር ብለው "ሞቱን አልፈራሁትም፤ ሳያነሱኝ መክረሙን ነው" አሉ።

በዚያው ቀን ሰብሳቢው ዘንድ ሄጄ ሰውዬው ለምን እንደሚቀሩ አስረዳሁ። ሰብሳቢው በትዕግሥት ሰሙኝ፤ መተዳደሪያ ደንቡ ስለ እግር እምቢታ የሚለው ነገር እንደሌለ፣ ዛሬ ለአንዱ ቢፈቀድ ነገ ሁሉም ሚስቱን እያነሳ እንደሚቀር ገለጹልኝ። እናመሰግናለን ብዬ ወጣሁ። እኛ ሰፈር በር ሲዘጋባችሁ ታመሰግናላችሁ።

ኮሚቴው ስረዛውን አጸደቀ። እናቴ የኮሚቴ አባል አይደለችም፤ የኮሚቴው ምስጢር ግን ከጸሐፊው ቀድሞ እሷ ጆሮ ይገባል። እንደነገረችኝ ሰብሳቢው ማስታወቂያውን እንደ ልማዳቸው አርዝመው አርቅቀውት ነበር፤ ለረጅም ዘመን የድንኳን አገልግሎታቸው ኮሚቴው ከልብ እንደሚያመሰግን፣ ቅሬታ ካላቸው የማቅረብ መብታቸው የተጠበቀ እንደሆነ፣ ሌላም ሌላም። አንዱ የኮሚቴ አባል "የሚባረር ሰው ይመሰገናል እንዴ?" አለ። ምስጋናው ተቆረጠ። መብቱም ተቆረጠ። በእድሩ ታሪክ ከሁሉ አጭሩ ማስታወቂያ ተወለደ።

ሰሌዳው ላይ በዚያ ሰሞን ሲሮጥ የነበረው የአንዲት እናት ቀብር ነበር፦ "ወይዘሮ እገሊት ባደረባቸው ሕመም ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ቀብራቸው ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት" ይልና እስከ ማሳሰቢያው ይቀጥላል። ከተቀበሩ ቀናት ቢያልፉም አዲስ ሟች እስኪመጣ ማንም አያነሳውም። ሰብሳቢው በማለዳ፣ ከአልጋቸው ሳይወርዱ አዲሱን መልእክት ላኩና ሲ.ኤም.ሲ ወዳለችው ልጃቸው ቤት ሄዱ።

ረፋዱ ላይ ሱቅ ውስጥ የፓምፕ መቆጣጠሪያ ስበይድ እናቴ ደወለች። እያለቀሰች ነው።

"ጋሼ ዐረፉ" አለች። "እነዚህ አረመኔዎች በድንጋጤ ገደሏቸው።"

ብየዳውን ጣልኩት። ከመገናኛ ታክሲ ይዤ ሰፈር እስክደርስ የታክሲውን ወለል እያየሁ ቆየሁ፤ ያቺ የበራችን ላይ ጥያቄያቸው ከጆሮዬ አልወጣም። የእድሩ አጥር ጋ ስደርስ ቀና ብዬ ሰሌዳውን አየሁ። እንዲህ እያለ ይሮጣል፦

"አቶ እገሌ በተደጋጋሚ ከቀብር ስለቀሩ ከእድሩ ተሰርዘዋል።■ ቀብራቸው ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት በደብራችን ይፈጸማል። አባላት በሙሉ ሳትቀሩ እንድትገኙ ኮሚቴው በጥብቅ ያሳስባል።"

እዚያው መሃል መንገድ ላይ ቆሜ ሳቅሁ። በአጠገቤ ያለፈች ሴትዮ ወላዲት አምላክ ትማርህ አለችኝ።

ያቺ ባዶ ቀይ ሳጥን ሁሉን ነገር ነገረችኝ። የስረዛው ዓረፍተ ነገርና የሴትዮዋ የሞት ዓረፍተ ነገር እንደ ተለካ ጨርቅ ገጥመዋል፤ ልዩነታቸው አንዲት ቦታ ብቻ ነበረች። አዲሱ አሮጌውን እስከ አራት ነጥቡ ሸፈነና ቆመ። ቺፗ ግን የምታቆምበት ዜሮ የላትም፤ የአሮጌው አራት ነጥብ ፍርፋሪ አጋጠማት፣ እሱን ቀይ ሳጥን አድርጋ አሳየች፣ ከዚያ የሌላ ሰው ቀብር ውስጥ ገብታ በሙሉ ልብ ማንበቧን ቀጠለች። የጋሼ ስም ደግሞ ከሟቿ ስለሚረዝም ስሟን አንድም ሳያስቀር ሸፍኖታል። ምስጋናውን ባይቆርጡት ኖሮ ጽሑፉ ረዝሞ የሴትዮዋን ቀብር በሙሉ ይሸፍነው ነበር። ኮሚቴው በሰውዬው ላይ የሰሰታት ምስጋና ቀብር ሆና ወጣች።

"ተሰርዘዋል" የሚለውን ማንም አላነበበም ወይ ትሉ ይሆናል። አንብበዋል! ሰፈሩ ያበደው በሱ ነው። "በቀብራቸው ቀን ይሰርዟቸዋል? ሬሳ ይሰረዛል?" እያለ ሕዝቡ በኮሚቴው ላይ ጥርሱን ነክሶ ነበር። ሰው ሞቷል ከተባለ በኋላ ደግሞ እኛ ዘንድ ማጣራት ነውር ነው፤ "እውነት ሞተዋል?" ብሎ መጠየቅ ሟርት ይመስላል። ድንኳን ተሸክሞ መሄድ ግን ማንንም አያስወቅስም።

ግቢያቸው ስደርስ ድንኳኑ ግማሽ ቆሟል። ወንበር ተደርድሯል፣ ብረት ድስቱ ተጥዷል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ቤቱ ተቆልፏል፤ ስለዚህ አስከሬኑ ሆስፒታል ነው ተብሏል። አንዱ ደም ግፊት ነው አለ። ሌላው ሌሊት መኪና ሲያወጣቸው በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ አለ። ከየካ አባዶ የመጡት በጠዋት ተነስተው ታክሲ ተጋፍተው ስለደረሱ ከሁሉም በላይ እያለቀሱ ነበር።

"አልሞቱም!" አልኩ። "ስሙኝ፣ የሰሌዳው ስህተት ነው። ሚሞሪው ስላልተጠረገ—"

"ልጄ፣ ለቅሶ ቤት ነው" አለችኝ እናቴ። አንድ ጎረምሳ ክንዴን ይዞ ወንበር ላይ አስቀመጠኝ፤ ሐዘን አናቴ ላይ የወጣ መስሎት ውሃ አመጣልኝ።

ከዚያ ሰብሳቢው መጡ። ስልክ ተደውሎላቸው ከልጃቸው ቤት የሮጡ ናቸው፤ ጥቁር ኮታቸውን በማን ቁመት እንደሆነ የማይታወቅ ሱሪ ላይ ደርበዋል። እሳቸው የላኩት ስረዛ እንጂ ሞት እንዳልሆነ ያውቃሉ፤ ስለዚህ የደረሱበት መደምደሚያ ሰውዬው ማስታወቂያውን አንብበው እዚያው ሞቱ የሚል ነው። ድንኳኑ በር ላይ ተንበረከኩ።

"እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የገደልኩዎት! ያቺን ምስጋና ምነው ባልቆረጥኳት!"

ጽሑፍ ባለማስረዘማቸው ሲጸጸቱ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው። ሆኖም እንባቸው የእውነት ነበር፤ እሱን ሳይ ልስቅባቸው አልቻልኩም።

በዚህ መሃል የግቢው የኋላ በር ተከፈተ። ጋሼ ከእንጦጦ ወርደዋል፤ መፋቂያቸው አፋቸው ላይ ነው፣ በእጃቸው ለጉንፋን የሚታጠኑትን የባሕር ዛፍ ቅጠል ይዘዋል። ቆመው ሕዝቡን አዩ። ሕዝቡም አያቸው። አንዲት ሴትዮ ጮኸች፤ ከዚያ ሁሉ ለቅሶ ውስጥ በቅጡ የተጮኸው ያኔ ነበር።

ጋሼ መፋቂያውን አወጡ።

"ይህን ድንኳን ማነው እንዲህ አጣምሞ የተከለው?" አሉ።

የሳቀም ያለቀሰም ነበር፤ አብዛኛው ሁለቱንም ባንድ ላይ ሲያደርግ ነበር። እናቴ አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ አልለቅም አለች። ሰብሳቢው ከተንበረከኩበት ተነሱና ጉልበታቸውን አራገፉ፤ ወዲያው የቢሮ ሰውነታቸው ተመለሰላቸው።

"የቴክኒክ ችግር ነው" ብለው በጣታቸው እኔን አሳዩ።

ጋሼ ወደ እኔ መጡ። ስለ ዜሮዋ፣ ስለ ጥረጋዋ፣ ስለ ሴትዮዋ ቀብር እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። ስለ ስረዛውም ነገርኳቸው፤ እሱን መደበቅ አልተቻለኝም። መሰረዛቸውን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። ዞር ብለው ግቢውን ቀስ ብለው አዩት፤ ወንበሮቹን፣ ድስቱን፣ ከየካ አባዶ የመጡትን፣ ከአጥሩ ሥር ቆመው የሚጠብቁትን ሙስሊም ጎረቤቶቻችንን።

"እና ይሄ ሁሉ ሰው ለእኔ ነው የመጣው?" አሉ። ጠማማው ድንኳናቸው ሥር ተቀመጡና ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ማንም ዝም ይበሉ አላላቸውም።

ትንሽ ቆይተው ቀና አሉ።

"በስንት ሰዓት ነው የተባለው?"

"በዘጠኝ" አለ አንድ ሰው።

"እኔ ለብቻዬ ሆኜ ነው ያቃተኝ። ስንት ጊዜ ሞከርኩ፤ በሩ ጋ ስደርስ እግሬ ይያዛል። ከመጣችሁ አይቀር እሷ ዘንድ አድርሱኝ።"

በዘጠኝ ሰዓት ሄድን። ሬሳ የሌለው ቀብር ነበር፤ ሕዝቡ ግን ለሬሳ ከሚወጣው ይበዛ ነበር። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። እናቴ በአንድ ወገን፣ ሰብሳቢው በሌላ ወገን ክንዳቸውን ያዙ፤ ከኋላ ያለው ሰው ሁሉ አብሮ ቆሞ ጠበቀ። ማንም አልገፋቸውም። ከዚያ ገቡ። የሚስታቸው መቃብር ላይ ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሞልቶበት ነበር፤ ተንበርክከው በእጃቸው አነሱት፣ የማንሰማውን ነገርም ሲነግሯት ቆዩ።

ሲጨርሱ ሰብሳቢው እንደ ደንባቸው ስም መጥራት ጀመሩ። አንዱ ስም ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ቆመ፤ ስሙ ላይ መስመር እንደተሰመረበት ሁላችንም ገባን። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ከዚያ ከነአቶው፣ ከነአባታቸው፣ ከነአያታቸው አድርገው ጠሯቸው።

"አቤት" አሉ ጋሼ ከመቃብሩ ዳር።

ሰብሳቢው ምልክት አድርገው ወደሚቀጥለው ስም አለፉ። ስለ ስረዛው ያን ቀንም፣ ከዚያም ወዲህ ያነሳ ሰው የለም። ሕዝቡ መበተን ሲጀምር ጋሼ ጉልበታቸውን ይዘው በዝግታ ተነሱ፤ ዙሪያቸውን አይተው እኔን ፈለጉኝ።

"አንተ የገደልከኝ ልጅ" አሉ፣ "ና ደግፈኝ፤ ቁልቁለቱን ብቻዬን አልችለውም።"

ሄጄ ደገፍኳቸው።